የሰፈር ድመቶችን ሳንገድል ሳንጥል እንዴት ቁጥራቸውን እንቀንስ (ለባህር ዳር፣ ለማርቆስ፣ ለፍኖተ ሰላምና ለአካባቢው ሰው)

ባህር ዳር ዓሳ የሚራገፍበት ጋ ሂዱ፣ ማርቆስ የሥጋ ቤቶቹን ጀርባ እዩ፣ ቡሬም ዳንግላም የሆቴል ጓሮ ግቡ፣ ያው ነው፣ ድመት ሞልቷል። ሰው ሲመረው ደግሞ ወይ የአይጥ መርዝ ሥጋ ላይ ለውሶ ይጥላል ወይ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ በባጃጅ ከከተማ አውጥቶ ይደፋቸዋል። ጭካኔውን ለጊዜው እንተወውና፣ ሁለቱም አይሰሩም እኮ። ድመቶቹ እዛ የተሰበሰቡት ምግብና መጠለያ ስላገኙ ነው፣ እነሱ ሲነሱ ምግቡ ግን እዛው ነው ያለው፣ ስለዚህ ከጎረቤት ሰፈር ሌሎች ይመጡና ቦታውን ይይዙታል፣ ያመለጡትም ተሻሚ ስላጡ በደንብ በልተው በደንብ ይወልዳሉ፣ ከጥቂት ወር በኋላ ግቢው እንደነበረ ይሆናል።

አወላለዳቸውን ደግሞ እዩት። ሴቷ ከ4 ወይ ከ5 ወሯ ጀምራ ልታረግዝ ትችላለች፣ እርግዝናው 2 ወር ብቻ ነው (63፣ 65 ቀን ገደማ)፣ ባንዴ ከ3 እስከ 5 ትወልዳለች፣ እያጠባች ራሱ ደግማ ልታረግዝ ትችላለች። ቀዝቃዛ አገር ያሉ ድመቶች ቀኑ ሲያጥር መውለድ ያቆማሉ፣ እኛ ጋ ግን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ብዙም ስለማያጥር እረፍት የሚባል ነገር የለም። በዓመት 2፣ 3 ጊዜ ማለት ነው።

የሚሰራው መንገድ አንድ ነው፦ በወጥመድ ይዞ፣ ሐኪም ጋ አስመክኖ፣ ከትቦ፣ የተያዙበት ቦታ መመለስ። የመከኑት ቦታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ አይጡንም ይይዛሉ፣ አይወልዱም፣ ቁጥሩም ቀስ እያለ በራሱ ይወርዳል። አንድ ዓመት ብቻ ሰርታችሁ ተአምር አትጠብቁ።

መጀመሪያ ግን ድመት ሳይሆን ሰው ነው የሚያዘው። ይሄን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ስራው የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው። ማን እንደሚመግባቸው እወቁ፣ ሁሌም አንድ እማማ ይኖራሉ፣ አንድ የሆቴል ዘበኛ ይኖራል፣ ሳንባ የሚወረውር ሥጋ ቆራጭ ይኖራል። እማማን «ለምን ይመግባሉ» ብላችሁ ከጀመራችሁ በቃ አለቀ፣ ማታ በጨለማ ወጥተው መመገብ ይጀምራሉ። ይልቅ «እማማ እርስዎ ነዎት የሚያውቋቸው፣ የትኛዋ ናት የወለደችው፣ እባክዎ ያሳዩን» በሏቸው፣ ከማንም የተሻለ መረጃ ነው የሚሰጧችሁ። ለሚናደደው ጎረቤት ደግሞ ስለ ድመት መብት አታውሩ፣ እሱን የሚያስመርረው ሌሊት የሚጮኹት ነገርና የሽንቱ ሽታ ነው፣ ሁለቱም ባብዛኛው የወንዶቹ ድብድብና የሴቶቹ ወሲብ ፍለጋ ውጤት ስለሆነ ሲመክኑ በጣም ይቀንሳል፣ ይሄንን ንገሩት። ለዕድሩ ዳኛና ለቀበሌውም ቀድማችሁ አሳውቁ፣ አለበለዚያ ማታ ወጥመድ ይዛችሁ ስትዞሩ ሌባ ነው የምትመስሉት። «ፈጣሪ የሰጠውን ዘር መንካት ኃጢአት ነው» የሚል ሰውም አይጠፋም፣ ጎጃም ውስጥ በሬ ሳይቀጠቀጥ የታረሰ ማሳ ካለ ያሳየኝ በሉት፣ በትህትና ግን።

ከዛ ቁጠሩ። በስልክ ፎቶ አንሱ፣ በግራም በቀኝም፣ ደብተር ላይ ቀለሙን፣ ፆታውን፣ የት እንደሚታይ ጻፉ። ጥቁር ቀይና ነጭ የተቀላቀለባት ዥጉርጉር ካያችሁ ሁሌ ማለት ይቻላል ሴት ናት፣ ቀይ ደግሞ አብዛኛው ወንድ ነው፣ ያልመከነ ትልቅ ወንድ ፊቱ ሰፊ ጉንጩ ወፍራም ነው። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከሴቶቹ ጀምሩ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ እዚህም 2 እዛም 3 እያላችሁ ከተማውን አትዙሩ። አንድ ግቢ ውስጥ ካሉት 10 ውስጥ ቢያንስ 7ቱ ካልመከኑ ውጤቱ አይታይም፣ አንዱን ሰፈር ጨርሱና ወደ ሌላው ሂዱ።

ምግቡን ስርዓት አስይዙት። በቀን አንዴ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተረፈውን አንሱ። ማታ አይሁን፣ በኛ ከተሞች ማታ የተረፈ ምግብ ማለት የጅብ ግብዣ ነው፣ ውሻውም ይሰበሰባል። ጠዋት 1 ሰዓት ወይ 10 ሰዓት ላይ ሸጋ ነው። ምን ይበላሉ ካላችሁ የተቀቀለ ሳንባ፣ ጨጓራ፣ የዓሳ ጭንቅላት፣ ከሩዝ ጋር ቀላቅሎ መስጠት ይቻላል። የወጥ ትርፍ አትስጡ፣ ችግሩ በርበሬው ብቻ አይደለም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳል፣ ሽሮውም በዚሁ ምክንያት ይቅር። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ወተት ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፣ ውሃ ነው የሚያስፈልገው። እንጀራ ብቻ እየበላች የምትኖር ድመት ደግሞ ከሥጋ የምታገኘው ንጥረ ነገር ስለሚጎድላት ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። በጾም ሳንባ ሲጠፋ ባህር ዳር ያለ ሰው በዓሳ ትርፍ ይወጣዋል (ዓሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን)፣ ደጋ ያላችሁት የተቀቀለ እንቁላል ጨምሩበት።

ወጥመዱን ብየዳ ቤት ማሰራት ይቻላል። ርዝመቱ 80 ሳንቲ፣ ወርዱና ቁመቱ 30 ሳንቲ ገደማ፣ ሽቦው መዳፏ የማይሾልክበት ጠበብ ያለ፣ ጠርዙ የማይቧጭር፣ መጨረሻው ላይ ስትረግጠው በሩን የሚለቅ ሳህን ያለው። ገና እንደመጣ አታጥምዱት፣ በሩን ክፍት አድርጋችሁ በሽቦ እሰሩትና ለጥቂት ቀን ምግባቸውን ውስጡ አስቀምጡላቸው፣ ገብቶ መውጣት ይልመዱ። ለማጥመድ ካሰባችሁበት በፊት ያለውን አንድ ቀን ምግብ አቁሙ፣ ለሁሉም መጋቢ ንገሩ፣ አንድ ሰው ሳንባ ከወረወረ ቀኑ ተበላ። እኔ የምመክረው ረቡዕ ማታ ነው። ረቡዕ ሥጋ ቤቱ ስለማይሰራ ድመቶቹ በራሳቸው ይርባቸዋል፣ ማታ ትይዛላችሁ፣ ሐሙስ ጠዋት ሐኪም ጋ ናችሁ። ከወቅት ደግሞ ሁዳዴን የመሰለ የለም፣ 55 ቀን ሥጋ ቤት ዝግ፣ አየሩ ደረቅ፣ ቁስል ቶሎ ይድናል። ከፋሲካ በኋላ ያለውን ሳምንት ግን እርሱት፣ በየበሩ አጥንት እያለ ማን ወጥመድ ይገባል።

ወጥመዱን አጥምዳችሁ ጥላችሁት አትሂዱ፣ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። በሩ ሲዘጋ ወዲያው በአሮጌ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ ሲጨልምባት ትረጋጋለች፣ ካልሸፈናችሁ ሽቦውን እየመታች አፍንጫዋን ታቆስላለች። እጅ አታስገቡ፣ «እኔን ታውቀኛለች» አይሰራም። ወጥመድ አልገባም ያለች ብልጥ ካለች ልጅ ሆነን ርግብ የያዝንበት ዘዴ ይሰራል፣ መረብ የተወጠረበት ትልቅ የእንጨት ሳጥን በዱላ ደግፎ ዱላውን በገመድ መሳብ። እውነት ለመናገር ለአሮጌዎቹ ድመቶች ከወጥመዱ ይሄ ይሻላል።

ሐኪሙን በተመለከተ፣ አብዛኛው የከተማችን የከብት ሐኪም ቀኑን የሚያሳልፈው በበሬና በበግ ነው፣ ስለዚህ ድመት ከመያዛችሁ በፊት ሄዳችሁ ሴት ድመት ኦፕሬሽን ሰርቶ ያውቅ እንደሆነ፣ የድመት ማደንዘዣ እንዳለው፣ የህመም ማስታገሻ እንደሚሰጥ ጠይቁት። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ስላለ ባህር ዳር ያላችሁ እዛ ማማከር ትችላላችሁ። መንገድ በሚዘጋጋበት ጊዜ ማደንዘዣም ክትባትም ስለሚጠፋ መድኃኒቱ በእጅ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትያዙ። ድመቷን መዝኑ፣ የማደንዘዣው መጠን በኪሎ ነው (ወጥመዱን ባዶውን ቀድማችሁ መዝናችሁ መቀነስ ነው)። ግልገሎች 2 ወር ሞልቷቸው 1 ኪሎ ገደማ ከሆኑ ልምድ ያለው ሐኪም ይሰራቸዋል። በግ የሚቀጠቅጡ አያ እገሌ «አምጡት እኔ በአንድ ደቂቃ» ቢሏችሁ አመስግናችሁ እለፉ፣ ያለ ማደንዘዣ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሰርጀሪው ላይ ሳለች ሁለት ነገር አብሮ ይሰራ፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዛ የግራ ጆሮዋ ጫፍ 1 ሳንቲ ገደማ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። ጆሮው ሲያዩት ያሳዝናል፣ ግን ተደንዝዛ ስለሆነ አያማትም፣ ወደፊት ደግሞ ማንም ሰው ከሩቅ አይቶ «ይቺ ተሰርታለች» ይላል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከመያዝና ከመቀደድ ያድናታል። ክሩ በራሱ የሚሟሟ ይሁን፣ የሰፈር ድመት ክር ለማስፈታት አትመለስላችሁም።

ከሰርጀሪ በኋላ ትልቁ ጠላት ብርድ ነው፣ ማደንዘዣ የሰውነት ሙቀት ያወርዳል፣ ማርቆስና እንጅባራ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ። ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ወጥመዱ እንደተሸፈነ፣ በደንብ ነቅታ ስትቆም ትንሽ ምግብና ውሃ። ወንዱ አንድ ሌሊት፣ ሴቷ አንድ ወይ ሁለት ሌሊት ትቆይ። አመማት ብላችሁ የሰው ፓራሲታሞል እንዳትሰጡ፣ አንድ ፍሬ ድመት ይገድላል። የውሻ ቁንጫ መድኃኒትም እንዲሁ፣ ፐርሜትሪን የሚባለው ያለበት ከሆነ መርዟ ነው። ከዛ ጠዋት፣ ከአስፋልት ራቅ አድርጋችሁ፣ የተያዘችበት ቦታ ልቀቋት። «ገዳም ብንወስዳት አይሻልም ወይ» የሚል ሀሳብ ሁሌ ይነሳል፣ አይሻልም። የማታውቀው ቦታ ውሃ የቱ ጋ እንዳለ፣ ውሻ የት እንዳለ አታውቅም፣ ብዙዎቹ ለመመለስ ሲሞክሩ ይሞታሉ። የቤተ ክርስቲያን ደኖቹና የጣና ዳር ደግሞ የወፍ መኖሪያ ናቸው፣ ጣና በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮው እንዲጠበቅ የተለየ ቦታ) ብሎ የመዘገበው ነው፣ እዛ ድመት መጨመር ማለት ወፍ መቀነስ ነው።

የሆዷ ፀጉር ተመልጦ ጡቷ ከወጣ እያጠባች ነው፣ ልጆቿ የት እንዳሉ ሳታውቁ አታቆዩዋት፣ ሐኪሙ ሰርቶ እንደነቃች ቶሎ መመለስ ይቻላል፣ ማጥባቷንም አታቆምም። ልጆቹን ከ2 እስከ 7 ሳምንት ባለው ዕድሜያቸው ሰው ካለመዳችኋቸው የቤት ድመት ይሆናሉ፣ ጎተራ ያለው ገበሬ፣ ባልትና ቤት፣ እህል ነጋዴ ይወስዳቸዋል። ከዛ ዕድሜ ካለፈ ለማልመድ ብዙ ትግል ነው፣ እንደ እናታቸው አስመክኖ መመለስ ይሻላል። ለሚወስደው ሰው ግን አንድ ነገር ንገሩት፣ ድመትም የአይጥ መርዝም አንድ ቤት አይሆንም፣ የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች።

ከተነከሳችሁ ወይ ከቧጨረቻችሁ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡትና በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። የድመት ጥርስ ቀጭን ስለሆነ ቁስሉ ትንሽ ይመስላል፣ ውስጥ ግን ያመግላል፣ ከዛ በላይ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ድመትም ያስተላልፋል፣ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም። ጠበል አትሂዱ አላልኩም፣ ክትባቱን ጀምራችሁ ሂዱ ነው። የነከሰችውን ድመት አትግደሉ፣ ተዘግቶባት 10 ቀን ትታይ። ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ የምትንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት ሰው ላይ የምትወረወር ድመት ካያችሁ ግን በወጥመድም ቢሆን አትጠጓት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ የድመት እዳሪ አትንካ፣ ፅንስ የሚጎዳ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በሽታ ሊኖርበት ይችላል፣ ሌላ ሰው በየቀኑ ይጥረገው፣ እሱን እየፈራች ጥሬ ክትፎ የምትበላ ከሆነ ግን ያው በሽታ በሥጋውም ይመጣል። ለመጸዳጃ አንድ ጥግ ላይ አሸዋ ወይ ሰጋቱራ ብታደርጉላቸው የሰው ጓሮ መቆፈሩ ይቀንሳል።

ለክረምቱ ዓሳ የሚመጣበት የፎም ሳጥን ካገኛችሁ ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋችሁ፣ 15 ሳንቲ ገደማ ቀዳዳ አውጥታችሁ ጭድ ሙሉበት። ጨርቅ አታድርጉ፣ ጨርቅ ውሃ ይይዝና ይበልጥ ያበርዳቸዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ስራ መከታተል ነው። በምግብ ሰዓት ጆሮዋ ያልተቆረጠ አዲስ ድመት ከታየች ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ቴሌግራም ግሩፕ ካላችሁ ፎቶዋ ይግባ፣ ሳትወልድ ትያዝ። ወንዶቹ ከተሰሩ በኋላም ለጥቂት ሳምንት ማስረገዝ ስለሚችሉ አንድ ሁለት እርግዝና ብታዩ ሐኪሙን አትውቀሱ። ለጥምቀት አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ምግቡንም ደብተሩንም ለማን እንደምትሰጡ ከመሄዳችሁ በፊት ወስኑ፣ እማማ ካሉ እማማ ይበቃሉ።