የሩሲያውያንን ስም እንዴት እናንብብ?

የሩሲያን ልብ ወለድ ወይም ታሪክ በትርጉም ማንበብ የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደናገረው ከታሪኩ ይልቅ በስሞቹ ነው። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ዲሚትሪ፣ ዲሚትሪ ፓቭሎቪች፣ ሚትያ እና ዲማ ሲጠሩ አራት ሰዎች ይመስሉታል፤ አንድ ሰው ግን በአራቱም ሊጠራ ይችላል። ስሞቹን በቃል መያዝ ብዙም አይረዳም። የሚረዳው የስሙን አሠራርና ያ አሠራር የመጣበትን ታሪክ ማወቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድመው ሙሉውን ስም ከሦስት ይክፈሉት። አሌክሳንድር ሰርጌዬቪች ፑሽኪን ሲባል የመጀመሪያው የራሱ ስም፣ ሁለተኛው የአባቱ የሰርጌይ ስም፣ ሦስተኛው የቤተሰቡ ስም ነው። የአባት ስም ለወንድ ልጅ «ኦቪች» ወይም «ዬቪች»፣ ለሴት ልጅ «ኦቭና» ወይም «ዬቭና» የሚል መድረሻ ስለሚይዝ፣ ኢቫን ፔትሮቪች እና አና ፔትሮቭና የአንድ ፒዮትር ልጆች፣ ወንድምና እህት ሊሆኑ ይችላሉ። የቤተሰብ ስምም አብዛኛውን ጊዜ ጾታን ይከተላል፤ የኢቫኖቭ ሚስት ኢቫኖቫ ብትባል የሌላ ቤተሰብ ሰው አድርገው አይቁጠሯት። በ«ዬንኮ» የሚያልቁት ስሞች ግን ለሁለቱም ጾታ አይለወጡም።

ቀጥለው ከስሙ ሥር ያለውን የክርስትና ስም ይፈልጉ። የኪየቩ ልዑል ቭላዲሚር በ988 ሲጠመቅ ቫሲሊ ተብሏል፤ ከዚያ ወዲህ ከባይዛንታይን ቤተ ክርስቲያን የመጡት ስሞች በሕዝቡ አንደበት ተለውጠው ሩሲያዊ መልክ ያዙ። ኢቫን ዮሐንስ ነው፤ ፊዮዶር ቴዎድሮስ፣ የሌና እሌኒ፣ ዩሪም ሆነ ይጎር ጊዮርጊስ ናቸው። መሳፍንቱ ለረጅም ጊዜ ሁለት ስም ይዘው ኖረዋል፤ የቭላዲሚር ልጆች ቦሪስና ግሌብ የክርስትና ስማቸው ሮማንና ዳዊት ነበር። ሁለቱ ከተገደሉ በኋላ እንደ ቅዱሳን ስለተከበሩ ግን የዓለም ስማቸው ራሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ገባ።

ትልቁን ትኩረት የአባት ስም ላይ ያድርጉ፤ በእኔ ግምት የሩሲያን የማዕረግ ታሪክ ከየትኛውም ነገር በላይ አጥርቶ የሚያሳየው እርሱ ነው። በሞስኮ ነገሥታት ዘመን በ«ቪች» የሚያልቅ የአባት ስም መያዝ የመኳንንት መብት ነበር። በጨው ንግድ የከበረው የስትሮጋኖቭ ቤተሰብ ይህን መብት ያገኘው በ1610 በዛር፣ ማለትም በሩሲያ ንጉሥ፣ በቫሲሊ ሹይስኪ ልዩ ፈቃድ ነው። ተራው ሰው ደግሞ «ኢቫን፣ የፒዮትር ልጅ» በሚል አጻጻፍ ይመዘገብ ነበር። ለዛሩ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው፣ ትልቅ ሹምም ቢሆን፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ኢቫን በማለት ፈንታ «ኢቫሽካ» ብሎ ይፈርም ነበር፤ ይህን ልማድ ዛር ታላቁ ፒተር (በሩሲያኛ ፒዮትር) በ1701 መጨረሻ ከልክሎታል። ስለዚህ የቆየ ሰነድ ሲያነቡ የአባት ስሙ አለ ወይስ የለም፣ ካለስ በምን መድረሻ ተጻፈ ብለው ይጠይቁ፤ የባለቤቱ ማዕረግ ከዚያ ይገመታል። ዛሬ ይህ መብት የሁሉም ሆኗል፤ ተማሪ መምህሩን፣ ታካሚም ሐኪሙን በስምና በአባት ስም፣ በአንቱታ ይጠራል።

የአባት ስም ሁልጊዜ የወለደውን አባት ይናገራል ማለት ግን አይደለም። ከአፍሪካ ተወስዶ በዛሩ ቤት ያደገው የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባል «ፔትሮቪች» የተባለው የክርስትና አባቱ ታላቁ ፒተር ስለነበረ ነው። የመጨረሻው ዛር የዳግማዊ ኒኮላይ ሚስት አሌክሳንድራ «ፊዮዶሮቭና» ብትባልም አባቷ ሉድቪግ የሚባል ጀርመናዊ መስፍን ነበር።

የቁልምጫ ስም ሲያጋጥምዎ ማን እንደተጠራ ብቻ ሳይሆን ማን እንደጠራውም ይመልከቱ። ማሪያ ለቤተሰቧ ማሻ ናት፤ ማሼንካ ሲሏት ፍቅር አለበት፤ ማሽካ ሲሏት ግን ድምፁ ሻካራ ነው፤ በልጅነት ጓደኞች መካከል ካልሆነ ንቀት ሊሆን ይችላል። ሳሻ የአሌክሳንድርም የአሌክሳንድራም ቁልምጫ ስለሆነ፣ «መጣ» ወይስ «መጣች» የሚለውን ከግሱ ማጣራት ያስፈልጋል። በአንጻሩ የአባት ስም ብቻውን ሲጠራ፣ ሌኒን «ኢሊች» እንደተባለው ሁሉ፣ አክብሮትና ቅርበት በአንድነት ይሰማሉ።

የቤተሰብ ስም ለገበሬው ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው፤ በ1861 ከባለርስቶች ተገዢነት ነፃ ከወጡት ብዙዎቹ በይፋ የተመዘገበ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። የካህናት ልጆች ደግሞ በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት አዲስ ስም ይሰጣቸው ነበርና፣ ትሮይትስኪ ከሥላሴ፣ ፕሬኦብራዠንስኪ ከደብረ ታቦር፣ ኡስፔንስኪ ከእመቤታችን የዕረፍት በዓል የወጡ ናቸው።

በሌኒን የሚመሩት አብዮተኞች ቦልሼቪኮች በኅዳር 1917 የመደብ ልዩነትንና የሲቪል ማዕረግን ሲሽሩ የአባት ስምን አልነኩም። አዲስነት የታየው በልጆች የመጀመሪያ ስም ላይ ነው፤ ቭላድለን ከቭላዲሚር ሌኒን ተቆርጦ የተቀጠለ፣ ኒኔል ደግሞ በሩሲያ ፊደል ሌኒንን ከኋላ ወደ ፊት በማንበብ የተገኘ ስም ነው። ለልምምድ ያህል «ኒኔል ኢቫኖቭና ኡስፔንስካያ» የሚል ስም ቢገጥምዎ እንዲህ ያንብቡት፦ የራሷን ስም ያወጡላት ወላጆች ለአብዮቱ ወግነው ነበር፤ አባቷ በዮሐንስ ስም ተጠርቷል፤ ከአያቶቹም አንዱ ሳይቀድስ አልቀረም።