ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስትፈልጉ አፋችሁ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው «ስንት ነው?» ነው። ልክ ናችሁ፣ ኪራዩ የሚቀመስ አይደለም። ግን ደላላው የሚጠራው ዋጋና ቤቱ በወር የሚያስወጣችሁ ገንዘብ ለየቅል ናቸው።

እንበል ኮዬ ፈጬ ያለው ስቱዲዮ ጎተራ ካለው በ4 ሺህ ብር ይረክሳል። ሥራችሁ ስታዲየም አካባቢ ነው። ከኮዬ ተመላልሳችሁ ለትራንስፖርት በቀን 100 ብር ብልጫ ካወጣችሁ፣ በ26 የሥራ ቀን 2,600 ብር ሄደ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ 5,200። ርካሹ ቤት ተወደደ ማለት ነው፣ ያውም የማታውን ሰልፍ ሳንቆጥር። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ የሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዛ ሰፈር ታክሲ ለመያዝ ሞክሩ። እሁድ ከሰዓት ቤት ለሚያይ ሰው ሁሉም ሰፈር ቅርብ ነው።

ከደላላ ጋር ኮሚሽኑን ቤቱን ሳታዩ ተነጋገሩ። ቤቱን ከወደዳችሁ በኋላ መከራከር አይቻልም፣ ፊታችሁ ላይ ያነበዋል። ደግሞ ብዙዎቹ መጀመሪያ ሁለት የማይሆኑ ቤቶች ያሳዩአችሁና ሦስተኛው ቤተ መንግሥት ይመስላችኋል። እኔ ሁለቴ ተበልቼበታለሁ።

አሁን ወደ ሜትሩ። ከሰርቪስ ቤት ወጥቼ አራተኛ ፎቅ ያለ ስቱዲዮ ስገባ ምንም ሳልለካ አልጋዬን ጭኜ ሄድኩ። ሊፍት የለም። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ራስጌው አልዞር አለ። ሦስት ተሸካሚዎች ወደ ላይ ገፉት፣ ወደ ጎን አጋደሙት፣ ከታች የሚወጣው ጎረቤት ደግሞ ዳቦውን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። በመጨረሻ አንዱ ላቡን ጠረገና «አለቃ፣ ወይ አልጋው ወይ ግድግዳው» አለኝ። ራስጌው ተነቀለ። ዛሬ በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ነው።

ስለዚህ በሩን ለኩ፣ የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ፣ መስኮት የሌለበትን ረጅሙን ግድግዳ ለኩ። 4 በ5 የሆነ ክፍል 20 ካሬ ነው። ባለ 1.50 አልጋ ብቻውን ወደ 3 ካሬ ይበላል። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት የሚፈልገውን ቦታ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። ጠመኔ ይዛችሁ አልጋው የሚያርፍበትን መሬት ላይ ሥሩት። ደላላው ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ። ብፌ ካላችሁ ለዘመድ ስጡት።

ውሃ ላይ አከራይ አትጠይቁ። «ውሃማ ችግር የለም» የማይል አከራይ አላየሁም። ደረጃውን ተመልከቱ። በየበሩ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ካያችሁ መልሱ እሱ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ አራተኛ ፎቅ ድረስ መውጫ ጉልበት ላይኖረው ይችላል፣ እና ሮቶ ካለ የማን እንደሆነና ማን እንደሚሞላው ጠይቁ። እታች ያለችው የሱቅ ልጅ ሁሉንም ታውቃለች። አንድ ለስላሳ ግዙና አውሯት።

ግቢ ውስጥ ክፍል ከሆነ የምትከራዩት፣ ቆጣሪው ለብቻ ነው ወይስ የጋራ? የጋራ ከሆነ ሒሳቡ በምን ይካፈላል? ምጣድ ይፈቀዳል? በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? «እትዬ፣ እኔ ማታ 4 ሰዓት ነው የምገባው» ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። በኋላ ዝናብ ላይ ቆማችሁ ከምታንኳኩ አሁን እትዬ ቢያኮርፉ ይሻላል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ እንጀራ የሚጋገርበት ኮሙናል አሁንም ኮሙናል መሆኑን እዩ፤ ስንቱ ወደ ሌላ ነገር ተቀይሯል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ክብ ነገር ፈልጉ። እሱ የአምናው ክረምት ነው።

ወረቀቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥሩ 1320። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ነው። ጭማሪም አከራዩ ደስ ባለው ቀን የሚያደርገው አይደለም፣ በዓመት አንዴ መንግሥት በሚያወጣው መጠን ነው። መሬት ላይ ግን የ6 ወር የሚጠይቅ አለ። አዋጅ ጠቅሳችሁ ብትጣሉ ቤቱ ለሌላ ሰው ይሄዳል፣ ስለዚህ ለስለስ ብላችሁ «2 ወር ዛሬውኑ በባንክ ላስገባ» በሉ። ብዙ ጊዜ የሚሠራው «ዛሬውኑ» የምትለዋ ቃል ናት።

አንድ ነገር ላይ ግን አትለሳለሱ። አንዳንድ አከራይ ግብር ለመቀነስ 12 ሺህ እየተቀበለ ውሉ ላይ 6 ሺህ እንዲጻፍ ይፈልጋል። ነገ ብትካሰሱ ከ12ቱ ስድስቱን እንደከፈላችሁ ማን ይመሰክራል? ገንዘብ ስታስተላልፉም ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የጥቅምት ወር የቤት ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ። ባዶውን አትተዉት።

ብቻችሁን ካልቻላችሁት ደባል ያዙ፣ ግን ከጓደኛ ይልቅ ሰዓቱ ከእናንተ ጋር የማይጋጭ ሰው ይሻላል። የሌሊት ተረኛ ነርስ ወይም ጥበቃ ካገኛችሁ አንዱ ክፍል ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ወጥ ስትሠሩ ደግሞ የሥራ ልብሳችሁን ሻንጣ ውስጥ ዝጉ። የሽንኩርት ቁሌት ቢሮ ድረስ ይከተላል።

የገባችሁ ቀን የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሱና ለአከራዩ ላኩለት። ከዛ የበሩን ሲሊንደር ቀይሩ። ከእናንተ በፊት የነበሩት ስንት ቁልፍ እንዳስቀረጹ እሱም አያውቅም።