ባህሩ ሲጎድል እዩት፣ ሲሞላ ዋኙበት፦ በሞቃት ደሴት ላይ የየዕለት መዋኛ ቦታ እንዴት ይመረጣል?

የድሬ ልጅ ወንዝን የሚያውቀው በደረቁ ነው። ደቻቱን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ሆኖ ነው የምናየው። ሰው ይሻገርበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ጎርፉ ሲመጣ የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ የትኛውን ግንብ እንደሚመታ ግን አሸዋው ላይ ተጽፏል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ከወሰደብን ወዲህ ደግሞ ያንን አሸዋ የሚንቅ የለም።

ስለ ባህር ላወራ ብዬ ከደቻቱ የጀመርኩት በምክንያት ነው። ለሥራ ዛንዚባር ሄጄ ስምንት ወር ገደማ ኖሬያለሁ። በየቀኑ ማለት ይቻላል ባህር እገባ ነበር። ከተመለስኩ በኋላ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ሻይ ስንጠጣ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አንዱ ለሥራ ሊሄድ ነው፣ ሌላዋ ለጫጉላ ሽርሽር። «አቦ፣ የት ጋ ነው የሚዋኘው?» ይሉኛል። የዳርቻ ስም እንድጠራላቸው ነው የሚፈልጉት። ስሙ ብቻውን ግን ብዙ አይጠቅማቸውም። አንዱ ዳርቻ ጠዋት ውሃው እስከ አንገት ሆኖ፣ ከሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ጭቃና ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ለአንድ ቀን ለሚዝናና ሰው ይህ ችግር አይደለም። በየቀኑ መዋኘት ለሚፈልግ ግን ቦታውን ራሱ ማንበብ መቻል አለበት።

ከመሄዳችሁ በፊት

ዋና እዚሁ ተማሩ። ድሬ ውስጥ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። እግራችሁ መሬት ሳይነካ 400 ሜትር ያለ ማረፍ መዋኘት፣ በጀርባችሁም ሳትጨነቁ 5 ደቂቃ መንሳፈፍ እስክትችሉ ድረስ ባህር ውስጥ ከደረት በላይ አትግቡ። የባህር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ከገንዳ ይልቅ ያንሳፍፋል። ይህ ደስ ይላል። ግን ብዙ ጀማሪ ከአቅሙ በላይ የሚርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨረቃን ቁጠሩ

ባህር በአብዛኛው ቦታ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ዛሬ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የሞላ ባህር ነገ የሚሞላው ለ5 አሥር ጉዳይ ላይ ነው። በሳምንቱ ደግሞ ሙላቱ ወደ 10 ሰዓት፣ ወደ አመሻሹ ይሸሻል። «ሁልጊዜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዋኛለሁ» ብሎ ፕሮግራም ያወጣ ሰው ባህሩን አያገኘውም።

ሙላቱን የሚመራው በዋናነት ጨረቃ ነች። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ባህሩ በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይጎድላል። ዛንዚባር ላይ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ እንቅስቃሴው ይቀንሳል። ስዋሂሊዎች ኃይለኛውን «ባምቩዋ»፣ ደካማውን «ማጂ ማፉ» ይሉታል። ማጂ ማፉ የሞተ ውሃ ማለት ነው። ለእኛ አገር ሰው ይህን ማስላት ቀላል ነው። የሂጅራውን ቀን የሚያውቅ ጎረቤት ድሬ ውስጥ የሌለው ማን አለ? የወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ሰሞን ባምቩዋ ነው። 7ኛና 22ኛ ቀን ሰሞን የሞተ ውሃ ነው።

ትክክለኛውን ሰዓት ስልካችሁ ላይ የሙላትና የጉድለት ሠንጠረዥ ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። እዚህ ጋ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ስዋሂሊዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። «ሳ ኔ አሱቡሂ» ያላችሁ ሰው ጠዋት 4 ሰዓት ማለቱ ነው። የሰዓት ቀጠናውም አንድ ነው። ሠንጠረዡ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ከዓሣ አጥማጁ የሰማችሁትንና ስልኩ ላይ ያያችሁትን አታደበላልቁ። የ6 ሰዓት ስህተት ማለት በሙላት ፈንታ ጉድለት ላይ መድረስ ነው።

ደረቁን በእግራችሁ ሂዱበት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው።

በሦስተኛው ቀኔ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ሲያምረኝ ዘልዬ ገባሁ። ውሃው ጉልበቴ ድረስ ብቻ ነበር። ጥቂት እንደሄድኩ ተረከዜ ላይ የሆነ ነገር ሰካ። እግሬን ሳነሳ ጥቁር እሾህ ተሰብሮ ሥጋዬ ውስጥ ቀርቷል። የባህር ጃርት ነው። መርፌ የመሰለ ረጅም እሾህ አለው፣ ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ተሰብስቦ ይቀመጣል። አንድ ሽማግሌ ጥሬ ፓፓያ ሰንጥቀው ወተቱን አንጠባጠቡበት። የዚያ አገር ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ነው። ሕመሙን የሚያስታግሰው ግን እግርን በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መዘፍዘፍ ነው። የቀረ እሾህ ካለ፣ በተለይ መገጣጠሚያ አጠገብ ከሆነ፣ ሐኪም ያውጣው።

በማግስቱ ሽማግሌው ባህሩ በጎደለበት ሰዓት ይዘውኝ ወጡ። ትናንት ሰማያዊ የነበረው ሁሉ ተራቁቷል። ሴቶች ጎንበስ ብለው የባህር አረም ማሳቸውን ያርማሉ። በትናንሽ እንጨቶች መካከል ገመድ ተወጥሯል፣ አረሙ ገመዱ ላይ ይታሰራል። ሌሎች ረጅም እንጨት ይዘው ድንጋይ ሥር ኦክቶፐስ ይፈልጋሉ። የት ጋ አሸዋ እንዳለ፣ የት ጋ ጃርት እንደሚበዛ፣ የት ጋ መሬቱ ጉድጓድ እንደሚሆን እያየሁ ሄድኩ። ደቻቱን ነው ያስታወሰኝ።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ባምቩዋ ሰሞን ዛንዚባር ላይ ባህሩ የሚጎድለው ረፋድ 4 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ለማየት ይመቻል። ኮንጎ ጫማ አድርጉ። ከውድ የባህር ጫማ ባይበልጥም እግርን ያድናል፣ ውሃም አይጠጣም። ከዳርቻው ወደ ውስጥ በቀጥታ ተራመዱ፣ እርምጃችሁንም ቁጠሩ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ንጹህ የአሸዋ መንገድ ወደ ውስጥ የሚያስገባ፣ ባህሩ ሲሞላ ከወገብ እስከ ትከሻ የሚሆን ሰፊ ቦታ፣ እና ከርቀት የሚታይ ምልክት። ምልክቱ ረጅም የኮኮናት ዛፍ ወይም ነጭ ቤት ይሁን። የቆመ ጀልባ አትያዙ፣ ይሄዳል። ፎቶ አንሱ። ሲሞላ ያው ቦታ ሌላ አገር ይመስላችኋል።

የአረም ማሳ ባለበት አትዋኙ። ገመዱ ያጠምዳል፣ ማሳውም የሰው እንጀራ ነው። ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ ያለበትም ጭቃ ስለሆነ ይለፋችሁ። የከተማ ቱቦ የሚፈስበትና ወደብ አጠገብ ደግሞ በፍጹም። ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁለት ቀን ታገሡ።

ሰው ጠይቁ

ጀልባ የሚጠግን ወይም መረብ የሚሰፋ ትልቅ ሰው ፈልጉ። «ሺካሞ» ብላችሁ ጀምሩ። ለታላቅ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። «ማራሃባ» ካሏችሁ በኋላ መጠየቅ ትችላላችሁ። «የት ይዋኛል?» ከማለት ይልቅ «ልጆቻችሁ የት ይዋኛሉ? እንዳይገቡበት የምትከለክሏቸውስ የት ነው?» በሏቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ካርታ ላይ የማይገኘውን ይነግሯችኋል።

አለባበስም አለ። መንደሩ እንደ ሐረር ጀጎል ነው፣ አዛን የሚሰማበት፣ ሰው የሚከባበርበት። ወንዱ ከዋና ልብሱ ላይ ሽርጥ ያገልድም፣ ሴቷ ድሪያዋን ጣል ታድርግ። ውሃው ዳር ስትደርሱ ታወልቁታላችሁ። ይህን ያደረገ ሰው ምን ያህል በሩ እንደሚከፈትለት አይቻለሁ።

ነፋሱን እዩ

ዛንዚባር ላይ ከሰኔ ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው «ኩሲ» ምሥራቁን ዳርቻ ያናውጠዋል። ያኔ ወደ ምዕራብና ሰሜን ሂዱ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ ከሰሜን ምሥራቅ «ካስካዚ» ይመጣል። ሌላ ደሴት ላይ ከሆናችሁ ስሙ ይለያል እንጂ ሥራው ያው ነው፦ ነፋሱ የማይመታውን ዳርቻ ምረጡ።

ለየዕለት ዋና ሁለት ቦታ ቢኖራችሁ ነው የሚሻለው። አንዱ ለሙላት፣ አንዱ ለማንኛውም ሰዓት። እንደ ፓጄና ጃምቢያኒ ያሉ የምሥራቅ መንደሮች መሬታቸው ዝርግ ስለሆነ ሲሞላ ብቻ ነው የሚዋኝባቸው። ሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ውሃቸው ቶሎ ጥልቅ ስለሚሆን ሲጎድልም ውሃ አላቸው። ሰው ይበዛባቸዋል፣ የጀልባ ሞተርም እንደዚያው። ለእኔ ምሥራቁ ይበልጥብኛል። ሙላቱን ጠብቆ መግባት ራሱ ደስ ይላል።

የኮኮናት ቅርፊቱ ፈተና

ሲሞላ ከመግባታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ቁሙና እዩ። ዳርቻው ላይ የወደቀ የኮኮናት ቅርፊት አታጡም። ወርውሩትና አብራችሁት በዳርቻው ተራመዱ። በዝግታ ከምትራመዱት እኩል ከሄደ ውሃው ከእናንተ ይፈጥናል፣ ዛሬ ይቅር። ወደ ጥልቁ እየወጣ ከሄደ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም።

ከሩቅ ማዕበሉ የሚሰበርበት ነጭ መስመር ይታያችኋል። ኮራል የሚባለው የባህር ድንጋይ ነው፣ ግንብ ሆኖ ይከላከልላችኋል። መስመሩ የተቋረጠበት፣ ጠቆር ብሎ ዝም ያለ ውሃ የሚታይበት በር ግን አለ። ለዓይን የተረጋጋው ቦታ እሱ ስለሆነ ጀማሪ የሚማረከው ወደዚያ ነው። ባህሩ መጉደል ሲጀምር ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ሁሉ የሚወጣው በዚያ በር ነው። ከእሱ ራቁ።

ከጉድለት እስከ ሙላት 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ውሃው እኩል አይንቀሳቀስም። በ3ኛውና በ4ኛው ሰዓት ብቻ ከጠቅላላው ግማሹ ያልፋል። ስለዚህ እኔ የምገባው ሙላቱ ሊያበቃ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ነው። ሙላቱ ካበቃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዳርቻ ላይ ነኝ።

ጅረት፣ ማለትም የሚጎትት የባህር ውሃ፣ ከያዛችሁ አትታገሉ። በፊት ለፊት ወደ ዳርቻ የሚታገል ሰው ይደክማል፣ የሚሞተውም በድካሙ ነው። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እጅ አንሥታችሁ ጥሩ፣ አቅም ካላችሁ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኙ። የሚጎትተው ቦታ ጠባብ ነው፣ ወደ ጎን ሲሄዱ ይለቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት

ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኙ፣ ውሃው ከትከሻ ሳይበልጥ። መጀመሪያ ከጅረቱ በተቃራኒ ሂዱ፣ ስትመለሱ ይሸኛችኋል። ብቻችሁን አትግቡ። ሰው ከጠፋ ቢያንስ ዳር ላይ ያለ ሰው መግባታችሁን ይወቅ። ደማቅ ቀለም ያለው የዋና ኮፍያ አድርጉ። እኔ ባለ 5 ሊትር ባዶ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ከወገቤ አስሬ እጎትት ነበር። ጀልባ የሚነዳ ሰው ከሩቅ ያየዋል።

ፀሐይን «እኔ የድሬ ልጅ ነኝ» ብላችሁ አትናቋት። ባህር ላይ ነፋሱ ያቀዘቅዛል፣ ቃጠሎው አይሰማም፣ ማታ ግን ትከሻ አያስተኛም። እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ። ከረፋድ 4 እስከ 9 ሰዓት ባለው መካከል ሙላቱ ቢመችም አሳጥሩት። ድሬም እኮ በዚያ ሰዓት ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። ጄሊፊሽ ከነካችሁ አትሹት፣ በባህር ውሃ እጠቡት እንጂ በንጹህ ውሃ አይሁን። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ፊት ካበጠ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ዛንዚባር ለራቀበት ሰው ጅቡቲ አለች። ባቡሩ ከዚያ ተነሥቶ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፣ ዛሬም በአዲሱ ሐዲድ ይመላለሳል። ከከተማዋ በጀልባ የሚደረስባቸው ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ትናንሽ የኮራል ደሴቶች አሉ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፣ በጋቸው የእኛን ያስንቃል። ደረቁን አይቶ መግባት እዚያም ይሠራል።

በመጨረሻ ትንሽ ደብተር ያዙ። ከውሃ እንደወጣችሁ፣ ፀጉራችሁ ሳይደርቅ፣ አንድ መስመር ጻፉ። የኔ እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ፣ 9 ሰዓት ተኩል። ጨረቃ 14። ውሃው ደረት። ነፋስ ከደቡብ፣ ቀላል። ቅርፊቱ 10 ደቂቃ ሙሉ ከፊቴ አልተንቀሳቀሰም። ከነጩ ቤት በስተግራ ጃርት አለ፣ በቀኝ ግቢ።»