ቶርኖ ስትገዙ የምትሠሯቸው ስህተቶች፦ አዲስም ይሁን ያገለገለ

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ደወለልኝ። ከሰርቪስ ክፍሎቹ አንዷን ባዶ አድርጎ የራሱን የቶርኖ (ብረት እያዞሩ የሚልጡበት ማሽን) ወርክሾፕ ሊያዘጋጅ ነው። "ጋሼ፣ ያገለገለ ቶርኖ አግኝቻለሁ። እንደ አዲስ ነው!" አለኝ።

"ብረት አስቆርጠህ አየኸው?"

"አይ፣ እሱን እንኳ አላየሁም። ግን ቀለሙን ቢያዩት!"

ይህን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ፈጣሪ ይወቀው። ስለዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

ቀለም አይቶ መግዛት

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ትንሽ ስቱኮና አንድ ጋሎን አረንጓዴ ቀለም የሠላሳ ዓመት ማሽን ሙሽራ ያስመስላል። ቶርኖ ላይ ዋናው ነገር ግን ሁለት ነው፦ ቸኩን (ብረቱን የሚጨብጠውን) የሚያዞረው ስፒንድልና ካሬጁ (መቁረጫውን የሚሸከመው) የሚንሸራተትበት አልጋ። ሌላው መላ አለው። ቺንጋ ይገዛል፣ ኩሽኔታ ይቀየራል፣ ቡሽ ይሠራል፣ ሞተር ይጠመጠማል። የተበላ አልጋ ግን በትልቅ ማሽን እንደገና ካልተላጠ አይድንም። ወጪው ደግሞ ቶርኖውን ከገዛችሁበት ሊበልጥ ይችላል።

አልጋ እኩል አይበላም። ሥራ የሚበዛው ቸኩ አጠገብ ስለሆነ የሚያልቀውም እዚያው ነው። ቴልስቶኩ (ብረቱን ከሌላው ጫፍ የሚደግፈው) ያለበት ጫፍ ብዙም ሳይነካ ይቆያል። እንግዲህ ካሬጁን ወደ ቸኩ አስጠጉትና መቆለፊያ ብሎኑን ትንሽ ጠበቅ አድርጉት፤ ሲገፋ ከበድ እስኪል ብቻ። ከዚያ ወደ ሌላኛው ጫፍ ውሰዱት። መንገድ ላይ ከነከሰ አልጋው ተበልቷል። ለዚህ ፍተሻ መብራት እንኳ አያስፈልግም።

ቀጥሎ አጭር ወፍራም ዘንግ ቸኩ ላይ እሰሩ። ዳያል ጌጅ (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) አስደግፉና ዘንጉን በእጃችሁ ወደ ላይ ነቅንቁት። መርፌው ከ0.05 ሚሊ በላይ ከዘለለ ኩሽኔታው መጥበቅ ወይም መቀየር አለበት።

በመጨረሻ ቁረጡ። 30 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት 100 ሚሊ ያህል ከቸኩ አውጥታችሁ፣ በቴልስቶክ ሳትደግፉ፣ ስስ ስስ አድርጋችሁ ላጡት። ሁለቱን ጫፎች በማይክሮ ሜትር ለኩ። ልዩነቱ 0.02 ሚሊ ከሆነ ለቤት ሥራ እሰየው ነው። 0.1 ሚሊ ከሆነ ሻጩ "ትንሽ ማስተካከል ነው" ይላችኋል። አስተካክለህ ጥራኝ በሉት። "ዛሬ መብራት የለም" ካላችሁም ነገ ተመለሱ። ነገም ከሌለ ከነገ ወዲያ። ሲዞር ያላያችሁትን ማሽን ቀብድ እንዳትሰጡበት።

የልጁን "እንደ አዲስ" ሄጄ አየሁት። ካሬጁ መንገዱን ሳያጋምስ ነክሶ ቆመ። ሻጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ግሪስ ስላልተቀባ ነው።" የቶርኖ አልጋ ዘይት እንጂ ግሪስ እንደማይቀባ የማያውቅ ሰው ማሽን ይሸጥልናል!

አዲስ ከሆነ ችግር የለውም ማለት

180 በ350 የሚባሉትን ትንንሽ የቻይና ቶርኖዎች አልንቃቸውም። 40 ኪሎ ገደማ ናቸው፣ ሁለት ሰው ያነሳቸዋል፣ በቤት መብራት ይሠራሉ። ግን ከካርቶን አውጥታችሁ ወዲያው አትሰኩ። ዝገት እንዳይነካቸው የተቀቡት ወፍራም ቅባት በነጭ ጋዝ ይታጠባል። ጊር አካባቢ የብረት ፍርፋሪ አይጠፋም። ተንሸራታቾቹ ወይ ላልተው ወይ ከርረው ይመጣሉ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ መድቡላቸው።

ብዙዎቹ ውስጥ የፕላስቲክ ጊር አለ። ቱሉ (መቁረጫው) ሥራው ላይ ሲነክስ ጥርሱ ይረግፋል። መለዋወጫውን ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ግዙ። ፍጥነት የሚቆጣጠረው ቦርድ ደግሞ የእኛን ሄደት መጣ የሚል መብራት አይወድም። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ። የድሮ ማሽን እንዲህ ዓይነት ቦርድ የለውም፤ ጊርና ቺንጋ ነው። አሮጌ የምወደው አንዱ ለዚህ ነው።

ቁጥሮቹም ያታልላሉ። 180 ማለት ከአልጋው በላይ የሚዞረው ስፋት ነው። ካሬጁ ላይ ያለው ተንሸራታች ከሥሩ ሲገባ ወደ 110 ይወርዳል። ከ350ው፣ ማለትም ከርዝመቱ ላይም ቸኩና የመሰርሰሪያው ራስ ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

ፌዙን መርሳት

ያገለገሉት ማሽኖች አብዛኞቹ ባለ ሦስት ፌዝ ናቸው። የቤታችሁ መስመር ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት ነው። ከ220 ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር አለ፤ የሚያወጣው ግን 220 ነው እንጂ 380 አይደለም። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ሳህን አንብቡ። 220/380 ካለች፣ የሞተሩን ሽቦ አገናኝ ከስታር ወደ ዴልታ አስቀይራችሁ ትሠራላችሁ። 380/660 ካለች ግን ወይ ሞተር ትቀይራላችሁ ወይ ታስጠመጥማላችሁ። ይህን ከዋጋ ድርድሩ በፊት እወቁ።

ከማን አንሼ

አንድ ወዳጄ 16ኬ20 የሚባል ቶርኖ ገዛ። ሞስኮ የነበረው ክራስኒ ፕሮሌታሪ ፋብሪካ የሠራው ጎበዝ ማሽን ነው፤ አንድም ነገር አይወጣለትም። ግን ወደ 3 ቶን ይመዝናል፣ ሞተሩም 10 ኪሎዋት ገደማ ነው። በሩ አላስገባው ብሎ አጥር ፈረሰ። ከገባ በኋላ የሚያስነሳው መስመር የለም። አሁን ዶሮዎቹ ሥሩ ያድራሉ።

ጊሮቹን አለመቁጠር

ይቺን እኔ ራሴ ሠርቻታለሁ። የመጀመሪያው ቶርኖዬ የእንግሊዝ ነበር፣ አልጋው መስታወት። ተቻኮልኩ። ቤት ካስገባሁት በኋላ ሊድ ስክሩ (ጥርስ ሲወጣ ካሬጁን የሚነዳው ረጅም ብሎን) የኢንች መሆኑን አየሁ። የሚሊ ብሎን ጥርስ በትክክል ለማውጣት ባለ 127 ጥርስ ጊር ያስፈልጋል፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ነው፣ አምስት ጊዜ 25.4 ደግሞ 127 ይመጣል። ከማሽኑ ጋር ያ ጊር አልነበረም። ላሠራ ብል 127 ለሌላ ቁጥር የማይካፈል ስለሆነ፣ ፍሬዛ (ጊር የሚቀረጽበት ማሽን) ላይ መከፋፈሉ ለባለሙያውም ራስ ምታት ነው። ሦስት ወር ጠበቅኩ። ለደንበኛ የሚሆን አንድ የሚሊ ብሎን መሥራት አቅቶኝ ሌላ ቶርኖ ቤት ሄጄ በገንዘቤ አሠራሁ። ያኔ ያፈርኩትን አልረሳውም።

ብሩን ሁሉ ማሽኑ ላይ አትጨርሱ። ባለ አራት መንጋጋ ቸክ፣ ቱል፣ ሞላ (ቱል መሳያ)፣ ካሊፐርና ማይክሮ ሜትር ይቀራሉ። ያገለገለ ስትገዙ እነዚህ አብረው ከመጡ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ያዋጣል።

ስታስጭኑም ገመዱን ሊድ ስክሩ ላይ አታሳስሩ፤ አንዴ ከጎበጠ አበቃ። አልጋው ላይ ይታሰር። ቶርኖ በቸኩ በኩል ከባድ ነው፣ ከላይም ይከብዳል። ካሬጁን ወደ ቴልስቶኩ ገፍታችሁ ክብደቱን አመጣጥኑ። አንዱ አይሱዙ ላይ ሳይታሰር ኩርባ ላይ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ደግነቱ ሰው አጠገቡ አልነበረም።

ልጁ በመጨረሻ አንድ የተዘጋ ጋራዥ ጥግ አቧራ የለበሰች ቶርኖ አገኘ። ቀለሟ ተልጧል። ቆረጥንባት፣ ለካን፣ ጊሮቿን አንድ በአንድ ቆጠርን። አንድም አልጎደለም። ሞተሯ 1.5 ኪሎዋት፣ ሳህኗ 220/380።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ደወለ።

"ጋሼ፣ ምን ቀለም ልቀባት?"