ቀላል ታክቲካል ጫማ በጅማ ጭቃ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሥራዬ ከቡና ማሳ ወደ ቡና ማሳ መዞር ነው። እሁድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ጫካ እንገባለን። ስለዚህ ጫማ ለእኔ የሥራ ዕቃ ነው። ከባዱን ከስክስ ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ አሁን የምጫማው ቀለል ያለውን ታክቲካል ቡትስ ነው። ከላይ ናይለንና ቆዳ፣ ከታች ጥርሳም ጎማ፣ ቁመቱ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ በከስክስና በስኒከር መሃል ያለ ጫማ ማለት ነው። ቅለቱ ትልቅ ነገር ነው። እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ከተሸከሙት ተመሳሳይ ክብደት ከ4 እስከ 6 እጥፍ ጉልበት ይበላል። የጅሬንን ዳገት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግሩ የወጣ ሰው ይህን ጉልበቱ ይነግረዋል።

ችግር ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን «ፌክ ነው የሸጡልኝ» ብለን ጫማውን እንጥላለን። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጫማው ለሌላ አገር አየር የተሠራ ነው፣ ወይ ቁጥሩ ልክ አይደለም፣ ወይ አስተሳሰራችን ተሳስቷል። ከምልክቱ ተነስተን ምክንያቱን እንፈልግ።

«ውሃ አያስገባም» የተባለው ጫማ ውሃ ሞላ፣ አልደርቅም አለ

ጅማ ላይ በብዛት የምሰማው ቅሬታ ይሄ ነው። እኔም ደርሶብኛል። በለጠ ጫካ ከዝናብ በኋላ ገባን። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ቅጠሉ ሁሉ ውሃ ያዘለ ነው። አንድ ሰዓት ሳንሄድ ጫማዬ በየእርምጃው «ጯቅ፣ ጯቅ» ይላል። ጫማው ግን አልተቀደደም። ውሃው ሱሪዬን ተከትሎ ከላይ በአንገቱ ነው የገባው። ከገባ በኋላ ያው ውሃ የማያስገባ ሽፋን እንዳይወጣ ዘጋበት። ቤት ደርሼ ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀ።

ጎርቴክስና መሰሎቹ ስስ ሽፋን ናቸው። የውሃ ጠብታ አያሳልፉም፤ የላብ እንፋሎት ግን ያስወጣሉ። እንፋሎቱ በደንብ የሚወጣው ታዲያ የውጭው አየር ከጫማው ውስጥ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ነው። ጅማ በክረምት ሞቃትም እርጥብም ነው። ላቡ መሄጃ ያጣል። የላይኛው ጨርቅ ውሃ ከጠጣ ደግሞ ይብሳል፤ ሽፋኑ ሳይቀደድ እግር ይረጥባል።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ለጅማና ለአካባቢው ጫካ የሚያስፈልገው ውሃ የሚያስወጣ ጫማ ነው። ሽፋን የሌለው፣ ናይለኑ አየር የሚያሳልፍ፣ በውስጥ በኩል ከሶሉ ከፍ ብሎ ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች የተጫሙት የጫካ ቡትስ እንዲህ ዓይነት ቀዳዳና የሸራ ጎን ነበረው። እግር ይረጥባል፣ ግን ውሃው በየእርምጃው ተጨምቆ ይወጣል። ባለ ሽፋኑን ለሰሜን ተራሮችና ለባሌ ብርድ አስቀምጡት፤ እዚያ ዋጋውን ያወጣል።

ባለ ሽፋኑን ገዝታችሁ ከሆነ ሱሪውን ከጫማው ውጪ አውሉት፤ ውስጥ አትክተቱት። ገምባሌ (ከጫማው አንገት በላይ ባቱ ላይ የሚታሰር መሸፈኛ) ካገኛችሁ እሰየው። ውሃ የሚያንሸራትት የጫማ ስፕሬይ የሚገኝ ከሆነ፣ ጫማው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የላይኛውን ጨርቅ ቀቡት።

ሽፋኑ በእርግጥ መቀደዱን ለማወቅ ሳፋ ይበቃል። በጫማው ውስጥ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፉ፣ ተጫሙት፣ ከአንገቱ ዝቅ ባለ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ቁሙ። ጣቶቻችሁን እያጠፋችሁ ዘርጉ፤ የሚቀደደው በአብዛኛው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ጋዜጣውን አውጥታችሁ የረጠበውን ቦታ እዩ።

ማድረቅን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፦ ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት። ሙቀቱ ቆዳውን ያደርቀዋል፣ ማስቲሹን ያላላዋል። የውስጡን ንጣፍ አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ጋዜጣው ሲረጥብ ቀይሩት፣ ነፋስ ባለበት ጥላ አስቀምጡት።

ሶሉ ሳይበላ ተፈረፈረ

የሳልቫጅ ቡትስ የሚገዙ ልጆች ይህን አንብቡልኝ።

አንድ ጓደኛዬ ከውጭ የመጣ፣ አዲስ የሚመስል ታክቲካል ቡትስ ገዛ። የታችኛው ጎማ ጥርስ ምንም አልተነካም። በሁለተኛው ጉዞ ተረከዙ ተከፈተ። መርካቶ አካባቢ ያሉ አንድ አረጋዊ ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድነው።

«ጋሼ፣ ማስቲሽ ብቻ አይበቃውም?» አላቸው።

ጫማውን ገለበጡት። በጎማውና በላይኛው ክፍል መሃል ያለውን ነጣ ያለ ንብርብር በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ፍርፋሪውን መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ጫማ ሳይለበስ ነው ያረጀው። ማስቲሹ ምኑን ይያዝ?»

ትክክል ናቸው። የብዙ ቡትስ መካከለኛ ሶል ከፖሊዩሬቴን ይሠራል። ይህ ነገር ምቹና ጠንካራ ነው፤ ግን የአየር እርጥበት ቀስ በቀስ ይሰባብረዋል። ሳጥን ውስጥ ተቀምጦም ይበላሻል። እንዲያውም የማይለበስ ጫማ የባሰ ይጎዳል። ከተሠራ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሲሆነው መፈርፈር ሊጀምር ይችላል፤ እንደ ጅማ ባለ እርጥብ አየር ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። መጠገኛ የለውም፤ ሶሉ ሙሉ በሙሉ ካልተቀየረ በቀር።

ስትገዙ መካከለኛውን ሶል በአውራ ጣት ጫኑት። መልሶ መነሳት አለበት። ስንጥቅ፣ ብናኝ ወይም የሚያጣብቅ ነገር ካለ ተውት። በምላሱ ውስጥ ያለውን ምልክት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ወርና ዓመት ይጻፋል። ኢቪኤ የሚባለው ቀላል ስፖንጅ በእርጥበት አይፈርስም፤ የእሱ ችግር እየተጨቆነ ማለቁ ነው። ጎኑ ላይ የተኮማተረ መስመር በዝቶ ተረከዝ መሬት መሬት ካለው አልቋል ማለት ነው።

የተላቀቀው ሶል ካልተፈረፈረ ግን ይድናል። ጭቃው ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ሁለቱም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ። ማስቲሹ በሁለቱም በኩል ስስ ሆኖ ይቀባ። እዚህ ላይ ነው የሚቸኮለው። ወዲያው አታጣብቁት፤ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ጣት ሲነካው እስከማይከተል ድረስ። ከዚያ በኃይል ይጫን፣ አንድ ቀን ሙሉ ታስሮ ይደር። ጫማ ሰፊው በክር ልጨምርበት ካሉ ሽፋን ለሌለው ጫማ እሺ በሉ። ባለ ሽፋኑን ግን መርፌው ይበሳዋል።

ጭቃ ላይ ያንሸራትታል

የጅማን ቀይ አፈር ታውቁታላችሁ። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይይዛል። ጥርሶቹ ተቀራርበው ከተሠሩ በአስር እርምጃ ይደፈናሉ፤ ከዚያ በኋላ የምትረግጡት በጭቃ ላይ ጭቃ ነው። ጥልቀቱ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በመሃላቸው ሰፊ ክፍተት ያለ፣ ክፍተቱም እስከ ሶሉ ጠርዝ የተከፈተ ጥርስ ምረጡ። ፓናማ የሚባለው የሶል ቅርጽ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ሰያፍ ጥርሶቹ ሶሉ ሲታጠፍ ጭቃውን ወደ ጎን ይገፉታል።

እርጥብ ድንጋይና ኮብልስቶን ላይ የሚያንሸራትት ከሆነ ግን ጥፋቱ የጥርሱ ሳይሆን የጎማው ነው። ጎማው ደርቋል። ጥፍራችሁን ተክላችሁ ሞክሩት፤ ትንሽ እንኳ ካልገባ እርጥብ ድንጋይ አይይዝም። ሱቁ ውስጥ ሴራሚክ ወለል ካለ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉና ቁሙበት። አንድም ጊዜ ተከልክዬ አላውቅም። ለዚህኛው ችግር ጥገና የለም፤ ምርጫ ላይ ነው የሚያልቀው።

ተረከዝ ውሃ ቋጠረ

ተረከዙ ጫማው ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እግሩ ረጥቧል፣ ካልሲው ጥጥ ነው። ሦስቱ ከተገናኙ ውሃ መቋጠሩ አይቀርም። ጥጥ ላቡን ይዞ ይቀመጣል። ሱፍ ወይም ናይለን የተቀላቀለበት ካልሲ አድርጉ፤ ሁለተኛ ጥንድ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ።

ከዚያ አስተሳሰሩን ቀይሩ። ክሩን በላይኛው ቀዳዳ ከማስወጣት ይልቅ በዚያው በራሱ ጎን መልሳችሁ አስገቡትና ትንሽ ቀለበት ይሁን። በሌላውም ጎን እንዲሁ። የቀኙን ጫፍ በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሳልፉ። ወደ ታች ስባችሁ እሰሩ። ተረከዙ ወደ ኋላ ተጎትቶ ሲቀመጥ ይሰማችኋል። መንጠቆ ላለው ቡትስ ደግሞ እግር በሚታጠፍበት ቦታ ክሩን ሁለት ጊዜ ማጠላለፍ ይበቃል።

ማቃጠል ሲጀምር ቁሙ። «ትንሽ ነው የቀረን» አትበሉ። እግሩን አድርቃችሁ ፕላስተር ለጥፉበት።

ቁልቁለት ላይ አውራ ጣት ይመታል፣ ጥፍር ይጠቁራል

ጫማው አጥሯል፣ ወይ ላልቷል፣ ወይ ጥፍራችሁ አልተቆረጠም። በብዛት አጥሯል ነው መልሱ።

ማታ ማታ እግር ያብጣል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ተለኩ። ጉዞ የምትሄዱበትን ካልሲ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ ቁሙ፣ ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ለኩ። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ ትልቁን ያዙ። አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ጨምሩበት። የተገኘውን በአንድ ተኩል አባዙ። እግራችሁ 26.5 ከሆነ 28 ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ 42። የአውሮፓ ቁጥር የሚሰላው እንዲህ ነው። ፋብሪካው ስለሚለያይ ቁጥሩ መነሻ ብቻ ነው። ሱቁ ደረጃ ካለው ወርዳችሁ ሞክሩት። ከሌለ ደግሞ ቆማችሁ የጫማውን ጫፍ ሦስት ጊዜ ወለሉ ላይ ምቱ። ጣት ከነካ ከፍ ያለ ቁጥር ጠይቁ።

የእግር ጀርባ ደነዘዘ

ክሩ ጠብቋል። የሚያመው ቦታ ላይ አንድ መስቀል ዝለሉ፤ ክሩን በየጎኑ ቀጥ አድርጋችሁ አሳልፉትና ከላይ እንደገና አጠላልፉ።

ወለምታ

ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ብቻ ቡትስ ከወለምታ አያድንም። ለስላሳ ናይለን ቁርጭምጭሚትን ከእሾህና ከድንጋይ ይጠብቃል እንጂ አይደግፍም። ሶሉን እዩ። ተረከዙ ሰፊና ዝቅ ያለ ይሁን። ጫማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ እንደ ጨርቅ ጠምዝዙት፤ እንደ ጨርቅ ከተጠመዘዘላችሁ ለድንጋያማ መንገድ አይሆንም። ስታጥፉት ደግሞ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚጀምሩበት ቦታ ነው። መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ መልሱለት።

ሻጋታና ሽታ

ክረምት ላይ አልጋ ሥር የተቀመጠ ጫማ በሁለት ሳምንት ነጭ ይለብሳል። በብሩሽ ውጪ አራግፉ። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ጥረጉት፣ በጥላ አድርቁት። ጎኑ ላይ ዚፕ ያለው ከሆነ በጭቃ እንዳይነክስ ዚፑን በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እጠቡት፣ ሻማ አሹበት። እኔ ግን ለጭቃ ዚፕ የሌለውን ነው የምመርጠው።

ከመሄዳችሁ በፊት

አዲስ ጫማ ይዤ በቀጥታ ጫካ አልገባም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምሽቶች ቤት ውስጥ ንጹሕ ወለል ላይ ነው የምጫማው፤ ካልተስማማኝ ለመመለስ እንዲያመች። ቀጥሎ አንድ ሳምንት ሥራ ቦታ። ከዚያ ጅሬን። ስወጣ ተረከዙን አያለሁ፣ ስወርድ አውራ ጣቴን። መጨረሻ ላይ ሆን ብዬ አረጥበውና እግሬ ላይ እንዳለ አንድ ሰዓት እሄድበታለሁ። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ውሃው ተጨምቆ ካልወጣ ጫማው በለጠ ጫካ አይሄድም።

ከጫማ ሰፊው ቀን ወዲህ አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ጫማ በገዛሁ ቁጥር ምላሱን ገልብጬ የተሠራበትንና የገዛሁበትን ዓመት ጎን ለጎን በማይለቅ እስክሪብቶ እጽፋለሁ።