ትንሽ ኮሌጅ ገብቶ ቅርጫት ኳስ መጫወት ለሚፈልግ ልጅ፦ ከምልመላ እስከ ዝውውር

ታናሽ ወንድሜ በ2021 ሜሪላንድ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ቁመቱ ስድስት ጫማ ከሁለት ኢንች ነበር። ኳስ አያያዙ ጥሩ፣ የትምህርት ውጤቱም ደህና። በቴሌቪዥን የሚታዩት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ግን አልፈለጉትም፤ የፈለጉት ትንንሾቹ ናቸው። ወላጆቻችን የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት አሠራር ስለማያውቁ ጉዳዩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ምልመላውንም ሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣውን ዝውውር እየተሳሳትኩ ተማርኩት፤ ስህተቱ ገንዘብም ጊዜም አስከፍሎናል። ልጁ ኳስ የሚወድ ሌላ ቤተሰብ በዚያው መንገድ እንዳይሄድ ስል ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዙ፦ በትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኙ ልጃችሁን ከልቡ ሊፈልገው ይችላል፤ የኮሌጁ ገንዘብ ግን ብዙውን ጊዜ በእሱ እጅ አይደለም። በር የሚከፍተው የቅበላ ክፍሉ፣ ሒሳቡን የሚወስነው ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ነው።

1. ደረጃዎቹን ለዩ

የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራው ትልቁ ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ሦስት ዲቪዚዮን አለው። ዲቪዚዮን 1 በቴሌቪዥን የምታዩት ነው። ዲቪዚዮን 2 የስፖርት ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ ለአንድ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የተፈቀደው ግን የ10 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ብቻ ስለሆነ አሰልጣኞች ብዙውን ጊዜ እየቆራረሱ ያከፋፍሉታል። ዲቪዚዮን 3 በኮሌጆች ብዛት ሁሉንም ይበልጣል፤ ከ400 በላይ ናቸው። የስፖርት ስኮላርሺፕ ግን አይሰጥም። ተማሪው ድጋፍ የሚያገኘው በትምህርት ውጤቱና በቤተሰቡ አቅም ሲሆን፣ ኳስ መጫወቱን ከግምት ማስገባት በማኅበሩ ደንብ የተከለከለ ነው።

ከኤንሲኤኤ ውጭ ኤንኤአይኤ የሚባል ሌላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር አለ። አባላቱ በአብዛኛው ትንንሽ የግል ኮሌጆች ሲሆኑ የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ። ዝነኛው ስኮቲ ፒፐን በ1987 በኤንቢኤ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አምስተኛ ሆኖ ሲወጣ የመጣው ያኔ የኤንኤአይኤ አባል ከነበረው ከሴንትራል አርካንሳስ ነው፤ ስለዚህ ደረጃውን አትናቁት። የሁለት ዓመት ኮሌጆች በአብዛኛው ኤንጄሲኤኤ በሚባል ማኅበር ሥር ናቸው። ከእነሱም ዲቪዚዮን 1 ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ሲችል ዲቪዚዮን 3 ምንም አይሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው የዝውውር መዝገብ በጥቅምት 2018 ከተጀመረ፣ በተለይም ኤንሲኤኤ በሚያዝያ 2024 የዲቪዚዮን 1 ተጫዋች በትምህርቱ ብቁ እስከሆነ ድረስ ያለ ገደብ እንዲዛወር ከፈቀደ ወዲህ፣ የትልልቅ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ከ18 ዓመት ልጅ ይልቅ ኮሌጅ ውስጥ የተፈተነውን የ22 ዓመት ወጣት ይመርጣሉ። ቀድሞ ዲቪዚዮን 1 ይገባ የነበረው ልጅ ወደ 2፣ የ2ቱ ደግሞ ወደ 3 ይወርዳል። ልጃችሁ በትንሽ ኮሌጅ ቦታ የሚሻማው እንደ ድሮው ከእኩዮቹ ጋር ብቻ አይደለምና በ11ኛ ክፍል ጀምሩ።

2. ቪዲዮና ኢሜይል

ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ የሚሆን የምርጥ ቅጽበቶች ቪዲዮ ሥሩ፤ የተሻለው መጀመሪያ ላይ ይግባ። ሙዚቃ አያስፈልገውም። ከእሱ ጋር የሁለት ሙሉ ጨዋታ ቅጂ አያይዙ። አሰልጣኝ ኳስ ሲነጠቅ ወደ መከላከል የሚሮጠውንና የማይሮጠውን የሚለየው ከሙሉው ጨዋታ ነው። ኢሜይሉን ልጁ ራሱ ይጻፈው፤ ቁመቱን፣ የሚጫወትበትን ቦታ፣ አማካይ ውጤቱንና ሊያጠና የሚፈልገውን ትምህርት ይግለጽ። ቁመት አትጨምሩ፣ ሲመጣ ይታያል።

የአሰልጣኞች አድራሻ በየኮሌጁ የስፖርት ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል፣ የተጫዋች መጠይቅም እዚያው አለ። ስለዚህ «ልጅዎን እናስመለምላለን» እያሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ድርጅቶችን አልመክርም። በእኔ እምነት ለእነሱ የሚከፈለው ገንዘብ ኮሌጆቹን ሄዶ ለማየት ቢውል ይሻላል።

3. እውነተኛውን ፍላጎት ከማስታወቂያው ለዩ

ወንድሜ 11ኛ ክፍል እያለ ከአንድ ኮሌጅ «ዓይናችንን ጥለንብሃል፣ በካምፓችን ተገኝ» የሚል ኢሜይል ደረሰው። ስሙ ከላይ ተጽፏል፣ የአሰልጣኙ ፊርማ ከታች አለ። ቤቱ በደስታ ተሞላ። 395 ዶላር ከፍለን አራት ሰዓት ነድተን ሄድን። አዳራሹ ውስጥ ወደ 200 የሚጠጉ ልጆች ተሰልፈው ነበር፤ ሁሉም ያንኑ ኢሜይል ይዘዋል። ዋናው አሰልጣኝ ማታ ላይ ሲሰናበተን የወንድሜን ስም አላወቀውም። ልጁ በመመለሻችን መንገድ ላይ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ከልቡ የሚፈልግ አሰልጣኝ ራሱ ይደውላል፣ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፣ ጨዋታ ሊያይ ይመጣል። ተማሪ መርጠው በሚቀበሉ የዲቪዚዮን 3 ኮሌጆች ደግሞ ከ12ኛ ክፍል በፊት ባለው ክረምት ትራንስክሪፕቱን ለቅበላ ክፍሉ አቅርቦ ልጁ የመግባት ተስፋ እንዳለው አስቀድሞ ያስጠናል። ይህን አደርጋለሁ ካላችሁ ነገሩ የምር ነው። እናንተም በግልጽ ጠይቁት፦ በዚህ ቦታ ዘንድሮ ስንት ተጫዋች ትወስዳለህ? የእኛ ልጅ ስንተኛ ነው? እውነተኛ ሰው በጥያቄው አይቀየምም።

4. የቡድኑን ዝርዝርና የኮሌጁን ጤና እዩ

የቡድኑን ዝርዝር አውጥታችሁ በልጃችሁ ቦታ ስንት ሰው እንዳለ፣ ስንቱ ከሌላ ኮሌጅ ተዛውሮ እንደመጣ ቁጠሩ። የተማሪ ቁጥራቸው ያነሰ ብዙ የግል ኮሌጆች በስፖርት በኩል የሚመጣ ከፋይ ተማሪ ስለሚያስፈልጋቸው ከ25 በላይ ተጫዋች ይመዘግባሉ፤ ሜዳ ላይ የሚገቡት ግን ከአሥር አይበልጡም። ኮሌጁ ራሱ ጸንቶ የሚቆይ መሆኑንም አጣሩ። በ2012 ለዲቪዚዮን 3 የዋንጫ ፍጻሜ የደረሰው የፔንሲልቬኒያው ካብሪኒ ዩኒቨርሲቲ በ2024 ተዘግቷል። ግቢውን ስትጎበኙ ተጫዋቾቹን ያለ አሰልጣኝ አነጋግሩ።

5. ገንዘቡ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ እኛ የወደቅነው እዚህ ነው።

ወንድሜን የመለመለው የፔንሲልቬኒያ ኮሌጅ አሰልጣኝ ቤታችን መጥቶ ቡና ጠጥቷል። ሲነሳ የአባታችንን እጅ ጨብጦ «ስለ ገንዘቡ አያስቡ፣ እናስተካክለዋለን» አለ። አባታችን «ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንጂ የአባት የእናት አይደለም» በሚባልበት አገር ያደጉ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ጉዳዩ በዚያች ቀን አለቀ፤ ሌሎቹን ኮሌጆች መልስ እንኳ ሳንሰጣቸው ቀረን።

በመጋቢት የድጋፍ ደብዳቤው መጣ። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 58,400 ዶላር። ከሥሩ፦ በትምህርት ውጤት 27,000፣ ከኮሌጁ በችግር መጠን የተሰጠ 6,500፣ ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ 3,200፣ የፌዴራል የተማሪ ብድር 5,500፣ ዎርክ ስተዲ 2,000፣ ፓረንት ፕላስ 14,200። ከታች በደማቁ «ቀሪ ክፍያ፦ 0»። አባታችን ዜሮዋን አይተው «ተመስገን» አሉ፤ እናታችን እልል አለች። እኔም አላስተዋልኩም።

ፓረንት ፕላስ በወላጅ ስም የሚወሰድ ብድር ነው። ዎርክ ስተዲ ልጁ ግቢ ውስጥ እየሠራ በደሞዝ መልክ የሚያገኘው ስለሆነ ሒሳቡን አስቀድሞ አይቀንስም። እውነተኛው ስጦታ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ድምራቸው 36,700። ስለዚህ በቤተሰባችን ላይ የወደቀው በዓመት 21,700 ዶላር ነበር፣ ዜሮ አልነበረም። ይህን የተረዳሁት የመጀመሪያው የብድር መግለጫ በአባታችን ስም በፖስታ ሲመጣ ነው። አሰልጣኙን ደወልኩለት፤ አዘነ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ቃል የገባው በእጁ በሌለ ነገር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ግን ያኔ ማስታወስ ነበረብኝ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ በጊዜ ሙሉ። ገና ኮሌጅ ስትመርጡ በየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ በሕግ ግዴታ የሆነውን የወጪ ማስያ ተጠቀሙ፤ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ብድሩንና ዎርክ ስተዲውን በቀይ ሰርዙና የቀረውን ስጦታ ብቻ ከጠቅላላው ወጪ ቀንሱ። ያ ቁጥር ካላዋጣችሁ ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ይግባኝ ጻፉ። የሌላ ተመጣጣኝ ኮሌጅ ደብዳቤ ካላችሁ፣ ወይም የቤተሰቡ ገቢ ከቀነሰ፣ ማስረጃውን አያይዙ። ለአሰልጣኙም አሳውቁት፣ ሊደግፋችሁ ይችላል፤ የምትጠብቁት ፊርማ ግን የቢሮው ይሁን።

ሐበሻ በብዛት በሚኖርበት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላላችሁ ደግሞ፦ የመንግሥት የሆኑ የዲቪዚዮን 3 ኮሌጆች አሉ፤ ለግዛቱ ነዋሪ ክፍያቸው ዝቅ ያለ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሳልዝበሪ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በ2023 የዲቪዚዮን 3 ዋንጫ ያነሳው ክሪስቶፈር ኒውፖርት ይገኙበታል። እኔ እነዚህን ቀድሜ ባየሁ ኖሮ ብዙ ነገር በተረፈን ነበር።

6. ዝውውር

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ በ2023 የጸደይ ወራት፣ አሰልጣኙ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ተተኪው የራሱን ተጫዋቾች አመጣ። ወንድሜም ልዛወር አለ።

ሰዎች እዚህ ላይ የደንከን ሮቢንሰንን ታሪክ ያነሳሉ። እውነት ነው፤ ዊልያምስ በሚባለው የዲቪዚዮን 3 ኮሌጅ አንድ ዓመት ተጫውቶ ወደ ሚሺጋን ተዛወረ፣ በጊዜው ደንብ መሠረት አንድ የውድድር ዘመን ተቀመጠ፣ በኋላም ለኤንቢኤው ማያሚ ሂት ተጫወተ። ልጃችሁ ግን ዲግሪውን ሳይጨርስ እንዳይቀር አስቡ፤ ዝውውር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጎዳው ዲግሪው ነው።

አካሄዱ እንደየደረጃው ይለያያል። ከዲቪዚዮን 2 የሚዛወር ልጅ ኮሌጁ ፖርታሉ ላይ እንዲያስገባው ይጠይቃል፤ ስሙ ከገባ በኋላ ኮሌጁ ስኮላርሺፑን ለሚቀጥለው ዓመት ላያድስለት ይችላልና ሳታስቡበት አትቸኩሉ። ወንድሜ ከአንድ የዲቪዚዮን 3 ኮሌጅ ወደ ሌላው ሲሄድ የተጠቀመው ራሱ ፈርሞ ለአዲሱ ኮሌጅ የሚልከውን፣ ለ30 ቀን የሚያገለግል የፈቃድ ቅጽ ነው። ደንቦቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚሻሻሉ ማንኛውንም ቅጽ ከመፈረማችሁ በፊት የአዲሱን ኮሌጅ የደንብ አስከባሪ ባለሙያ በኢሜይል ጠይቁ፤ መልሱን አስቀምጡት።

ከባዱ ክሬዲት ነው። ወንድሜ 58 ክሬዲት ይዞ ሄዶ የተቀበሉት 45 ብቻ ነው። ስታቲስቲክስ ሦስት ክሬዲት፣ ውጤቱ ዲ ስለነበረ ቀረ። የአንደኛ ዓመት ሴሚናር ሦስት፣ የቀድሞው ኮሌጅ ግዴታ የነበረ የሃይማኖት ትምህርት ሦስት፣ የሒሳብ አያያዝ ደግሞ አራት፤ አቻ ኮርስ የለም ተብለው ወደቁ። 13 ክሬዲት ማለት አንድ ሴሚስተር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በጊዜው የዲቪዚዮን 3 ደንብ ደግሞ ተጫዋቹ አራቱን የውድድር ዘመኖቹን በ10 ሴሚስተር ውስጥ መጨረስ ነበረበት። እኔ ይህን ያወቅሁት የቀድሞውን ዶርም ከለቀቅን፣ ተመላሽ የማይሆነውን የአዲሱን ማስያዣ ከከፈልን በኋላ ነው። ወደ ኋላ መመለሻ አልነበረም።

ስለዚህ ሦስት ወረቀት በእጃችሁ ሳይገባ ከነበራችሁበት አትልቀቁ፦ የቅበላ ደብዳቤ፣ የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤ፣ እያንዳንዱ ኮርስ ከየትኛው የዲግሪ መስፈርት ጋር እንደሚቆጠር የሚያሳይ የሬጅስትራር ግምገማ። ሦስተኛውን ብዙ ኮሌጆች «ከተመዘገባችሁ በኋላ ይሠራል» ይላሉ። አትቀበሉ፤ ቢያንስ ጊዜያዊ ግምገማ ለምኑ፣ አሰልጣኙም ይለምንላችሁ። «እንቀበለዋለን» ማለት ሁልጊዜ ለዲግሪው ይቆጠራል ማለት አይደለም፤ በምርጫ ኮርስነት ብቻ የሚመዘገብ ብዙ አለ። ለተዛዋሪ የሚሰጠው ድጋፍም ብዙ ጊዜ ለአዲስ ገቢ ከሚሰጠው ያነሰ ነውና የቀይ መስመሩን ሒሳብ ድገሙት። በቀድሞው ኮሌጅ ቀሪ ዕዳ ካለም ትራንስክሪፕት እንዳይያዝባችሁ አስቀድማችሁ ዝጉ።

የወደቀ ክሬዲት አንዳንዴ ይመለሳል። የሒሳብ አያያዙን ኮርስ አውትላይን ከቀድሞው መምህር በኢሜይል ጠይቀን፣ በየሳምንቱ የተሰጠውን ትምህርትና የተጠቀሙበትን መጽሐፍ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አሳየን። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቱ ክሬዲት ተመዘገቡ። የሌሎቹ ኮርሶች አውትላይን ግን ተማሪዎች በሚገቡበት ገጽ ላይ ብቻ ነበር፤ ወንድሜ ከወጣ በኋላ የይለፍ ቃሉ አልሠራ አለ። ልጃችሁ ለመዛወር ባያስብም እንኳ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የሁሉንም ኮርስ አውትላይን አውርዶ በራሱ ኮምፒውተር ያስቀምጥ።