ቀብድ ከተከፈለ በኋላ፦ በተራራ አስጎብኚዎ ላይ እምነት ሲያጡ ምን ማድረግ ይችላሉ

ከሐዋሳ ተነስተው ወደ ባሌ ተራሮች ለመውጣት አስጎብኚ ቀጥረው ቀብድ ከፍለዋል፤ የመነሻው ቀን ሲቃረብ ግን ሰውየውን ማመን አቅቶዎታል። እንዲህ የገጠመው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬውን ውጦ ይሳፈራል። አስጎብኚው የተገኘው በሰው በሰው ነው፤ የአክስት ልጅ ጓደኛ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ወንድም ነውና እሱን መመርመር ያገናኘውን ሰው ማስቀየም ይመስላል። ታፍኖ የቆየው ቅሬታ የሚፈነዳው ታዲያ ድንኳን ከተተከለ በኋላ፣ ስልክ በማይሠራበትና ሌላ አስጎብኚ በማይገኝበት ሜዳ ላይ ነው። ጥርጣሬዎን ሐዋሳ ሳሉ ቢፈትሹት የሚያስከፍልዎት ቢበዛ አንድ የማይመች ውይይትና የተወሰነ ገንዘብ ነው።

በመጀመሪያ የሚያናድደውን ከሚያሰጋው ይለዩ። አስጎብኚው ወሬ የሚያበዛ፣ ለቀጠሮ የሚዘገይ ወይም ፊቱ የማይፈታ ሰው ቢሆን ጉዞውን ያጎመዝዘው ይሆናል እንጂ አደጋ ላይ አይጥልዎትም። ስለ ከፍታ፣ ስለ መንገዱና ስለ ማደሪያው ሲጠየቅ መልሱ በየቀኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ዋናው መፈተኛ ከፍታ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በሕክምናው የታወቀው ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምርና በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ ዕረፍት እንዲኖር ነው። ስለዚህ አስጎብኚውን «የመጀመሪያውን ሌሊት የት እናድራለን? ከመካከላችን አንዱን ራሱን ቢያመውና ቢያስመልሰው ምን ታደርጋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ጥሩ መልስ ቀላል ነው፦ ሕመሙ እስኪለቅ ሽቅብ መውጣት የለም፤ ከባሰም ወዲያውኑ ቁልቁል መውረድ ነው። አንድ ተጓዥ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያስገጠመ ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ነገር ከዘባረቀ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን መውረድ አለበት፤ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

እኛ አራት ጓደኛሞች በጥር ለመውጣት ስንዘጋጅ የቀጠርነውን ወጣት ይህንኑ ጥያቄ የጠየቅነው ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ ነበር። «ጋሼ፣ ነጭ ሽንኩርት ያኝካሉ፤ ምንም አይሆኑም» አለኝ። ነጭ ሽንኩርት በብዙ ቤት እንደ መድኃኒት ስለሚታይ አልፈረድኩበትም፤ ያስደነገጠኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚናገረው ነገር ማጣቱ ነው። ከሐዋሳ በሌሊት ወጥተን በዚያው ቀን ማታ ሳነቴ ላይ እንደምናድርም በኩራት ነገረን። መኪና ሳነቴ ድረስ ስለሚወጣ ይህ ይቻላል፤ ሰውነት ግን ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነ ልዩነት በአንድ ቀን ሲጫንበት አቤት ማለቱ አይቀርም።

ሁለተኛው መፈተኛ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። መንገዱን ሌሊት በሌሊት እየከፈለ እንዲሥልልዎት ይጠይቁት፤ ውኃ የሚገኝበትን፣ ፈረሶች የሚሰማሩበትን፣ ታማሚ ቢኖር ወደ መኪና መንገድ የሚወጣበትን አቅጣጫ ምልክት ያድርግበት። ሥዕሉ ማማር የለበትም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል መሆን አለበት። ከጎባ በኩል ሲመጡ መንገዱ ወደ ሳነቴ ይወጣና ከዚያ ወደ ደቡብ ቁልቁል ወደ ሪራና ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። የእኛው ሰው ሪራን ከሳነቴ በፊት አስቀመጣት። አንድ ጊዜ መሳሳት ያለ ነው ብለን በሌላ ቀን ደግመን ብናሥለው አሁንም እዚያው አስቀመጣት።

ከተቻለ እዚያው ሐዋሳ ባለው ታቦር ተራራ ላይ አብራችሁ ውጡ። ታቦር ከባሌ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም ሰውየው ከኋላ የቀረውን ይጠብቅ እንደሆነ ወይም ከፊት ብቻውን ይሸመጥጥ እንደሆነ በአንድ ጠዋት ያሳያል። እግረ መንገድዎን ኦሮምኛ መናገሩን ያረጋግጡ፤ ከባለፈረሶችና ከከብት ጠባቂዎች ጋር የሚግባባው በዚያ ቋንቋ ነው።

ሳይጠየቅ የሚታለፍ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም «ተራራው ላይ የምትመራን አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው?» የሚለው ነው። ዲንሾ ላይ የአካባቢው አስጎብኚዎች በማኅበር ተደራጅተው ይሠራሉ፤ ከከተማ የሚቀጠረው ሰው አንዳንድ ጊዜ ጉዞውን አስተባብሮ መሪውን እዚያው የሚይዝ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። የሥራ ፈቃዱን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ የዕለት አበሉ፣ የፈረሱ ኪራይ፣ የባለፈረሱ ክፍያና የሰዎቹ ስንቅ በማን ላይ እንደሚወድቅም በጽሑፍ ይስፈር።

መልሶቹ ካላሳመኑዎት መጀመሪያ ያገናኘዎትን ሰው ያነጋግሩ፤ ነገሩን ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከእርስዎ ቢሰማ ይሻለዋል። ከዚያ አስጎብኚውን በአካል ያግኙት፤ በስልክ ወይም በባለፈረሶቹ ፊት የሚሰጥ ስንብት ሰውን ያዋርዳል። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። እኔ ያልኩት ይህን ነው፦ «ወንድሜ፣ አንተ ክፉ ሰው ነህ አላልንም። ስለ ከፍታውና ስለ መንገዱ የሰማነው መልስ ስላላሳመነን ከአንተ ጋር አንወጣም። ሂሳባችንን እንተሳሰብ።» ማብራሪያው ከዚህ በረዘመ ቁጥር ወደ ክርክር ይገባል።

የቀብዱ ነገር ሕግ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ የሚሰናበተው በእርስዎ ፈቃድ ብቻ ከሆነ ቀብዱ እንዲመለስ መብት አለኝ ብለው አይነሱ፤ በሽምግልና መጠየቅ ግን ይችላሉ። የሌለውን ፈቃድ አለኝ ብሎ አታሎዎት ከሆነ ጉዳዩ ከተራ ስረዛ ያለፈ ነውና የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። እኛ ጥቂት ከተነጋገርን በኋላ ግማሹን መለሰልን፤ ግማሹን ተውንለት፤ ርካሽ ነበር እላለሁ።

ጥርጣሬው የመጣው በጉዞ ላይ ከሆነ፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ አልፈው የሚደርሱባት ዲንሾ ያለ ብዙ ኪሳራ ሐሳብዎን የሚለውጡባት የመጨረሻ ቦታ ናት። እዚያ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ሌላ አስጎብኚም ይገኛል። የቀድሞውን የሠራበትን ቀን ከፍለው፣ ደረሰኝ ወይም ፊርማ ተቀብለው ይለያዩ፤ የባለፈረሶቹን ውል ለብቻው ይነጋገሩ፤ ሐዋሳ ላለው ቤተሰብም የአዲሱን አስጎብኚ ስምና ስልክ እንዲሁም የመመለሻውን ቀን ይላኩ።

እኛ አዲሱን ሰው ያገኘነው እዚያው ነው። ስለ ራሱ ምንም ሳይነግረን ሻንጣዎቻችንን አንድ በአንድ እያነሳ መዘነ፤ ስሊፒንግ ባጎቻችንን ፈትቶ ዳሰሰ፤ በጥር ሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች እንደሚወርድ ያውቃልና። ከዚያ የአንዱን ጓደኛችንን ጫማ ጎንበስ ብሎ አጠፍ አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ ሶል እስከ ነገ ማታ አይደርስም፤ ደግሞም ነገ አንወጣም» አለ። በማግስቱ ጓደኛችን ጫማ ሊገዛ ሮቤ ሄደ፤ እኛ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን ስናይ ዋልን።